ከወንድሜ ጀልባ የቀሩት ሁለቱ

ሁለተኛዋ ልጄ የተንጠለጠለ ክር አይታ ማለፍ አትችልም። ገና ልጅ ሳለች እንግዳ ቤት መጥቶ ሲጫወት ከኋላው ሄዳ የኮቱን ጠርዝ ታገላብጥ ነበር። «ተይ» ስላት ትተዋለች፤ ዞር ስል መቀሷን ይዛ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ አባቷን ሊጣላ የመጣ ጎረቤት እጅጌው ላይ ቁልፉ ላልቶበት ነበር። እሱ እየጮኸ እሷ ሰፋችለት። መርፌው እጅጌው ላይ እያለ እጁን ማወናጨፍ ስላልቻለ ንዴቱ በረደና አመስግኖ ሄደ።

ስታድግ ልብስ ሰፊ ሆነች። ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል? መንገዱን በሚያየው ጠባብ ክፍላችን ውስጥ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀመጠች፤ የሰፈሩ ሱሪና ቀሚስ በሙሉ በእጇ ያልፋል። ሰዉ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ ምላሷም ይዋጋል። ሊያገቧት የጠየቁ ነበሩ። አንዱን ሲበላ ድምፅ ያሰማል አለች። ሌላውን እናቱን ሳያማክር ካልሲ አይቀይርም አለች። ሦስተኛውን ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ ሰውየው ግን እስከ ዛሬ በኛ በር አያልፍም። ዕድሜዋ ወደ አርባ ሲጠጋ ጎረቤቶቼ መጠየቅ ተዉ። እኔም ተውኩ፤ በአፌ ማለቴ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጀልባ አለው። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ መሐል ላይ ወዳለችው ደሴት ሰው ያመላልሳል። ደሴቷ ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ የቀረው ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው። ጠዋት ያደርሳል፣ አመሻሹ ላይ ይመልሳል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ይህች ጀልባ መተዳደሪያው ብቻ አልነበረችም። ከሰው የምታገናኘው እሷው ነበረች። ጀልባዋ ባትኖር ቤቱን ዘግቶ ግድግዳ ሲያይ እንደሚውል እኔ እህቱ አውቃለሁ።

ወንድሜ የራሱ አሠራር ነበረው። ደሴቷ ላይ ሲወርድ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ክር የገባባት የቆርቆሮ ቁራጭ ይቀበላል። እሷን መውረጃው አጠገብ በቆመው ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ለመመለስ ሲመጣ አንስቶ ጀልባዋ ውስጥ ያለ ባልዲ ውስጥ ይጥላታል። ደሴቷ ላይ ለማደር ያሰበ ቆርቆሮውን ሳይሰቅል ይዞ ይቀራል። ወንድሜ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ያያል፤ ባዶ ከሆነ ሞተሩን ያስነሳል፤ አንዲት ቆርቆሮ ካለች ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰዉን ለምን አትቆጥርም ሲሉት ይቆጣል። «ሰው ከብት ነው እንዴ የምቆጥረው?» ይላል። እንዲህም ሆኖ ማንም ቀርቶበት አያውቅም ነበር።

ያን ዓመት ተማሪዎቹ ለዕረፍት ሲበተኑ ትምህርት ቤቱ ለማደሪያ ክፍሎቹ መጋረጃ እንድትሰፋ ልጄን ቀጠራት። እየተመላለሰች ትሠራለች፤ ሥራ ሲበዛባት እዚያው ታድራለች። ሽማግሌው ዘበኛ እንደ ልጁ ስለሚያያት እኔም አልሰጋም ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ። አነጋገራቸው ሁሌ አይገጥምም፤ ባልገጠመበት ቦታ እነግራችኋለሁ።

ልጄ ያን ዕለት ሥራዋን ጨርሳ ቀደም ብላ ወደ መውረጃው ወረደች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ነፋስ ስለተነሳ ራሳቸውን ተከናንበው ጀልባዋ ውስጥ ተሰብስበዋል። ሰሌዳው ላይ የቀሩት ሁለት ቆርቆሮዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ የሷ፣ አንዷ የማታውቀው ሰው። የሁለቱም ክር አልቆ በአንድ ፈትል ተንጠልጥሏል። መቼም ልጄ ናት። ሁለቱንም አንስታ ወደ ስፌት ክፍሉ ተመለሰች፤ ሮጥ ብላ ጥብጣብ ሰፍታባቸው ልትመጣ። ወንድሜ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና ሲል ሰሌዳው ባዶ ነው። ተነሳ።

የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ መርፌውን ከነክሩ ጥላ ቆርቆሮዎቹን ይዛ ሮጠች። ስትደርስ ጀልባዋ ራቅ ብላ ትታያለች። መጮኋ አልቀረም፣ ነፋሱ ግን ድምፅዋን ወደ ኋላ ነው የመለሰው። እሷ እዚያ ቆማ ሳለ ከቁጥቋጦው መሐል አንድ ሰው ወጣ። በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የከተማ ጫማ፣ በክንዱ ሥር ቦርሳ።

ጀልባዋ የት እንደሄደች ጠየቃት። ሄደች አለችው። ቆርቆሮውን መስቀሉን፣ ከሰሌዳው ላይ እስኪያነሳው ጀልባዋ እንደማትነሳ እንደተነገረው አስረዳት። እሷ ቆርቆሮዎቹን በሽርጧ ኪስ ውስጥ ጨብጣ «ይሆናል» ብቻ አለች።

ያኔ ነው ማንነቱን የነገራት። የጀልባዎች ተቆጣጣሪ ነው። ሰው የማይቆጥር ባለ ጀልባ አለ ተብሎ ለቢሮው ስለተነገረ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ሆኖ ሊያይ መጥቶ ነበር። ከደሴቷ ጀርባ ያለውን መውረጃ ሲመለከት ነው የቆየው።

«አሁን በዓይኔ አየሁ» አላት። «ይህ ሰውዬ ሁለተኛ ሰው አይጭንም።»

ሰውየው የእናቷ ወንድም እንደሆነ አልነገረችውም። ቆርቆሮዎቹንም አላወጣችም። አንድ ቃል ብትናገር ጀልባዋ የምትተርፍ መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ ያቺው ቃል ጀልባዋን የምታሰጥም መሰላት። ስለዚህ ዝም አለች፤ ለልጄ ዝምታ በሽታ ማለት ነው።

ዘበኛው ጥርሱን አሞት በዚያው ጀልባ ወደ ከተማ ሄዶ ኖሯል፤ መሄዱን ያወቁት በሩን ደጋግመው ካንኳኩ በኋላ ነው። ደሴቷ ላይ ከነሱ በቀር ሰው የለም። ነፋሱ በማግስቱም አልቆመም፣ በሦስተኛውም ቀን። ያን ጊዜ ስልክ እዚያ ድረስ አይሠራም ነበር። እኔ ልጄ ለሥራ ያደረች መስሎኛል፤ የሱም ቢሮ ለሥራ የወጣ ሰው ለምን አልተመለሰም ብሎ አይጨነቅም። ወንድሜም ጀልባዋን በነፋሱ ምክንያት የብስ ላይ ስቦ አስሯታል። ፈላጊ አልነበራቸውም።

እሷ አንደኛው ማደሪያ ገባች፣ እሱ ከግቢው ማዶ ያለው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጨውና ጥቂት ሩዝ ተገኘ። እሱ ምግብ መሥራት አይችልም፤ ማጠብ ግን ይችላል። የታጠበውን ብረት ድስት ያጥባል፤ ድንቹን ከመላጡ በፊት ያጥባል፣ ልጦ ያጥባል፣ ቆራርጦ ያጥባል። እሷ ደግሞ ረሃብ ሲይዛት ትቸኩላለች። «ጌታው፣ ድንቹን ሊበሉት ነው ወይስ ሊያጠምቁት?» አለችው። እሱ በቅንነት ቆሻሻ ስንት በሽታ እንደሚያመጣ ያብራራላት ጀመር። አብራርቶ ሲጨርስ ድንቹ በስሏል፣ እሷም ድርሻዋን በልታለች። የሱን ድርሻ ደግሞ በሰሃን ከድናለታለች፤ ይህን የነገረኝ እሱ ነው፣ እሷ አታስታውስም።

በማግስቱ ለምልክት እንዲሆን ብሎ ሰፍታ የጨረሰችውን አንዱን መጋረጃ ሰንደቅ ዓላማ መስቀያው ላይ ሰቀለው። ነፋሱ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። እሷ ስታየው የሰው ልጅ የተቀደደ ያህል አዘነች፤ እስከ ማታ አላናገረችውም። እሱ አውርዶ፣ መርፌና ክር ፈልጎ፣ ማዶ ማደሪያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲሰፋው አየችው። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ስፌት በሕይወቷ አላየችም ትላለች። እሱ ግን በጣም የከፋ አልነበረም ይላል። ያንን መጋረጃ እኔ በኋላ አይቼዋለሁ፤ እሷ እውነቷን ነው።

ነፋሱ ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት አሮጌ ታንኳ አገኙ። እሷ በሷ እንሂድ አለች። እሱ አልሄድም አለ፤ ታንኳዋ የፈቃድ ምልክት የላትም። እሷ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው እዚሁ አለ፣ ይስጣት አለችው። ሲከራከሩ ቆይተው ገቡ። ሁለቱም መቅዘፍ አያውቁም። ታንኳዋ ከዳር ሳትርቅ እንደ ወፍጮ መዞር ጀመረች፣ ከሥሯም ውሃ ማስገባት። ስትሞላ ዘንበል ብላ ሁለቱንም ደፋቻቸው።

ተቆጣጣሪው ዓይኑን ጨፍኖ የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጁ አንቆ ያዘ። ዋና አያውቅም። ጀልባ የሚቆጣጠር ሰው ሐይቅ ይፈራል። እሷ ግን ቆማ ታየዋለች።

«ይቁሙ» አለችው።

«አልችልም» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እስከ ወገብዎ ነው። ይቁሙ።»

ቆመ። ውሃው እስከ ወገቡ ነበር። ልጄ ልትስቅ አፏን ከፍታ ፊቱን ስታይ ሳቋ ጠፋ። ክንዱን ይዛ አወጣችው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ እሳት አጠገብ ተቀመጡ፤ እሷ ራሷ በሰፋችው መጋረጃ ተጠቅልላ፣ እሱ በቀደደው። እየተንቀጠቀጠ ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠ ነገራት። ውሃ የሚፈራ ሰው ስለ ውሃ አይዘናጋም ብሎ ነው። ይህ የሆነው ትልቅ ሰው ላይ ነው እንጂ ልጅ ቢቀር ኖሮስ አላት፤ ባለ ጀልባውን በክፋት እንደማይጠላው፣ ግን እንደማይተወውም ነገራት። እሷ ይህን ስትሰማ መቀመጥ አቃታት።

«አንድ ነገር ልንገርዎ» አለችው። ከሽርጧ ኪስ ሁለቱን ቆርቆሮዎች አወጣች። «ሰሌዳውን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ባለ ጀልባው አጎቴ ነው። እሱ አላጠፋም።»

ቆርቆሮዎቹን ተቀብሎ አገላብጦ አያቸው። አንደኛው አዲስ ጥብጣብ ተሰፍቶበታል፣ በሁለተኛው ላይ ተጀምሮ ቀርቷል።

«የራስዎን ያንሱ። የኔን ለምን አነሱ?»

«የእርስዎም ክር አልቆ ነበር።»

ቆርቆሮዎቹን መልሶ እጇ ላይ አኖረ። ከዚያ ይህ አጎቷን እንደማያድነው ነገራት። እሷ ካነሳችው ሕፃንም ያነሳዋል፤ ነፋስም ያነሳዋል። እሷ ይህን አውቃለሁ አለችው። ቢፈርድም ያልሆነ ነገር ይዞ እንዳይፈርድ ብላ ነው የነገረችው። እሱ ተነስቶ ወጣ። ልጄ ነገሩ በዚህ አለቀ ብላ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ በሩን ገፋ አደረገና ማገዶ ይዞ ገባ። «እሳቱ እየከሰመ ነው፣ ጠጋ በይ» አላት። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ነበር የሚላት። ይህን እሷም እሱም አንድ ዓይነት አድርገው ነው የሚነግሩኝ።

ነፋሱ ሲቆም ወንድሜ ዘበኛውን ይዞ መጣ። ሁለቱን ሰዎች መውረጃው ላይ ቆመው ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ሲሰማ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ልጄ የሆነውን ሁሉ በሰው ፊት ነገረችው። ወንድሜ እሷን ሳይሆን ሰሌዳውን ነበር የሚያየው። ተቆጣጣሪው ጉዳዩ እስኪታይ ጀልባዋ እንድትቆም አዘዘ።

ጀልባዋ ቆመች። ወንድሜ ቤቱን ዘጋ። በሩን ሳንኳኳ ተኝቻለሁ ይለኛል፣ በቀትር። ልጄም መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትፈዛለች። አንድ ቀን የአንዲትን ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ አጣማ ሰፋችው፤ አይቼ ምንም አላልኳትም። ሌሊት ስታፈርሰው ሰማኋት።

አንድ ጠዋት ተቆጣጣሪው ቤታችን መጣ። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ ጫማው ላይ ግን ውሃ የተወው ነጭ መስመር አለ። ወንበር ሰጠሁት። ልጄ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል ትሰፋ ነበር፤ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማል።

«እናቴ፣ የወንድምዎን ጉዳይ ለሌላ ተቆጣጣሪ አሳልፌዋለሁ» አለኝ።

«ለምን ልጄ?»

«አለቃዬም እንዲሁ ጠየቀኝ። ከባለ ጀልባው ቤተሰብ ጋር ዝምድና ስላለኝ መፍረድ አይገባኝም አልኩት።»

«ምን ዝምድና አለህ?»

«አለቃዬም እንዲሁ ጠየቀኝ። እስካሁን የለኝም አልኩት።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። ልጄ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ መጣች።

«እስካሁን ማለት ምን ማለት ነው?»

«እስክትነግሪኝ ድረስ ማለት ነው።»

የሷን ፊት ለማየት ዞር አልኩ። ቀላች፣ ገረጣች፣ መልሳ ቀላች። ከዚያ ግን የሰጠችው መልስ ያሳደግኳትን ልጅ ነበር የሚመስለው። አሁን እሺ ብትል ለጀልባዋ ብላ ያለችው ይመስላል፤ እምቢ ብትል ደግሞ ስለ ጀልባዋ ተቀይማ ነው ይባላል። መጀመሪያ የአጎቷ ጉዳይ ይለቅ፤ ከዚያ ይጠይቃት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ደስ ያለው እንደሆነ ከዓይኑ ይታወቅ ነበር፤ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነውና ሥርዓቱ ደስ አለው።

አዲሷ ተቆጣጣሪ ፈገግታ ያልፈጠረባት ሴት ነበረች። ሁሉንም ጠየቀች፣ ሰሌዳውን ለካች፣ ፈረደች። ወንድሜ ጀልባዋን ይዞ መቀጠል ይችላል፤ ግን ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። የሰሌዳው ነገር ያከትማል።

ወንድሜ አልቆጥርም አለ። ለመንኩት። ዘበኛውም ለመነው። አልቆጥርም። ከመቁጠር ጀልባዋን መሸጥ ይሻለዋል። በመጨረሻ ልጄ ሄደች። ጀልባዋን ያስቆመችበት እሷ ናትና አልከፍትም ሊላት ይችል ነበር፤ ከፈተላት። አልጋው ጠርዝ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ቁጠር አላሉህም። ማን እንዳለ እወቅ ነው ያሉህ።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ጥራቸው።»

ወንድሜ አሰበበት። በስም ባያውቃቸውም ለሁሉም ያወጣላቸው ቅጽል አለ፤ ሁሉንም በሱ ነው የሚጠራቸው። መጥራት ማክበር ነው፤ መቁጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ምሽት በሩን ሳይዘጋ ተኛ።

ተቆጣጣሪዋ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ አብራ ተሳፈረች። እኔም ሄጃለሁ፤ ለመጸለይ ነበር የሄድኩት፣ በልቤ። አመሻሽ ላይ ሰዉ ገብቶ ተቀመጠ። ወንድሜ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥርሶ!» ዘበኛው አለሁ አለ። «ቦርሳዬ!» አለሁ አለች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ። «እህት ዓለም!» እኔ ነኝ፤ አለሁ አልኩ። «መርፌ!» ልጄ አለሁ አለች። እንዲህ እያለ ሄዶ ሄዶ ተቆጣጣሪዋ ጋ ሲደርስ ቅጽል የላትም። ወንድሜ ፊቷን ትኩር ብሎ አየ።

«ኮስታሪት!» አለ።

ሁሉም የጀልባዋን ወለል አየ። ዘበኛው የሚያመውን ጉንጩን በእጁ ሸፈነ። ሴትዮዋ ወንድሜን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«አለሁ» አለች።

ወንድሜ ሞተሩን አስነሳ። ፈቃዱም ጸና።

የኛው ተቆጣጣሪ ከዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ልጄ ከጀልባዋ ወርዳ ቀጥ ብላ ወደሱ ሄደች። «የጋሼ ጉዳይ አለቀ። አሁን የኔን ጠይቀኝ» ስትለው እኔ ነጠላዬን የማስተካክል መስዬ ቆየሁ። ምን እንደጠየቃት አልሰማሁም፤ የሷን እሺታ ግን እንኳን እኔ ጀልባዋ ውስጥ የቀሩትም ሰምተዋል።

አሁን ዕቃ በማጠብና በመቸኮል ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ጭቅጭቃቸውን መስማት ስወድ በር ላይ እቀመጣለሁ። ልጃቸው በተወለደች በወራት ውስጥ ደሴቷን ሊያሳዩዋት አሳፈሯት፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሲመለሱ ወንድሜ ሁሉንም ጠርቶ ሕፃኗ ጋ ሲደርስ «አዲሷ!» አለና ቆመ። ልጄ እኔ ስለሷ እመልሳለሁ አለችው። ወንድሜ ባሏን አየ፤ ባሏም ደንቡ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ይላል ብሎ መሰከረበት። ሰዉ አጉረመረመ፣ ጸሐፊዋ አመሻችሁብን አለች፣ ወንድሜ ግን ሞተሩን አልነካም። ሕፃኗ ማዛጋት ጀመረች፣ ፊቷን ሰበሰበች፣ ጮኸች።

«አለች» አለ ወንድሜ፣ ተነሳን።